የሊምፍ ሥርዐት አሠራርና በሳንጃ መንገድ የሚታዩት እብጠቶች

በሰው አካል ውስጥ ፈሳሽ የሚዘዋወርባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛውን፥ ማለት የደምን መንገድ፥ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰው ሲቈረጥ ይታያል፥ ትርታውም በእጅ አንጓ ላይ ይዳሰሳል። ሁለተኛው ግን ቀለም የሌለውና ትርታ የማይሰማበት ስለ ሆነ በብዙ ሰው ዘንድ ተረስቶ ይኖራል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የተማርንበት የባዮሎጂ መጽሐፍ ለልብ ብዙ ገጽ ከነሥዕሉ ሰጥቶ ለሊምፍ የመደበው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ይህን የተረሳ መንገድ እንዴት እንደ ተሠራና ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚያም ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሳንጃና ወደ ሰሊጡ አገር በሚወርደው መንገድ ላይ ከሚታዩት በሽታዎች ሁለቱን እናነሣለን፤ ምክንያቱም እነዚህን ያለ ሊምፍ ትምህርት ለመረዳት አይቻልም። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከደም እንጀምር። ልብ ደምን ስትገፋው ከትላልቆቹ ደም ሥሮች ወደ ትናንሾቹ፥ ከትናንሾቹም ከጠጕር ወደ ቀጠኑት ይደርሳል። የእነዚህ ቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ስላለው ውሃን ፈጽሞ አይቋጥርም። የሸክላ እንስራ ውሃ ሞልተን ጥላ ውስጥ ብናቆመው ውጭው እንደሚያልበው ሁሉ፥ የደሙም ውሃ ጨውንና ስኳርን ጥቂትም ፕሮቲን ይዞ ወደ ሥጋው መካከል ያዣል። ሥጋችን የሚመገበው በዚህ አኳኋን ነው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ በ1896 እንዳስረዳው፥ የደም ግፊት ውሃውን ወደ ውጭ ሲገፋ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቀድሞ ከወጣው ውሃ የሚበዛው በዚሁ ስበት እዚያው ይመለሳል ይባል ነበር፤ የቅርብ ዘመን ጥናት ግን የሊምፍ ድርሻ ከተባለው እንደሚበልጥ አሳይቷል። የሆነ ሆኖ በትንሹ ሲገመት በአንድ ጐልማሳ ሰው አካል ውስጥ በቀን 3 ሊትር ያህል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለሰው በሊምፍ መንገድ ነው። የደም ውሃ፥ ማለት ፕላዝማው፥ በጠቅላላው 3 ሊትር ገደማ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ቀላል አለመሆኑ ይታወቃል። ከደም ሥር ያመለጠው ፕሮቲን ደግሞ ከዚህ መንገድ በቀር ሌላ መመለሻ የለውም። መንገዱ ከተዘጋ ፕሮቲኑ በሥጋው መካከል ይከማቻል፥ ውሃውንም ወደ ራሱ ይስባል፤ አካሉም ያብጣል።

የሊምፍ ቧንቧዎች እንደ ደም ሥሮች ከልብ ተነሥተው ወደ ልብ የሚመለሱ አይደሉም። መነሻቸው በሥጋው መካከል ሲሆን ጫፋቸው እንደ ጓንት ጣት ዝግ ነው። ግድግዳውን የሠሩት ሕዋሳት ጠርዛቸው እንደ ሣር ቤት ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይገኛል፤ እነርሱንም ከአካባቢው ሥጋ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ሥጋው በውሃ ሲነፋ ክሮቹ ይወጠሩና ጠርዙን ይከፍቱታል፥ ውሃውም ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ተመልሶ ለመውጣት ሲገፋ ያው ጠርዝ ይዘጋበታል። በዚህ ዐይነት የታመቀው ውሃ መውጫውን ራሱ ይከፍታል።

ከዚያ ወዲያ የሚያስኬደው ማነው? የሊምፍ መንገድ ልብ የለውም። ትላልቆቹ ቧንቧዎች በየተወሰነ ጊዜ ራሳቸው ይኰማተራሉ፤ ከዚህም በቀር ሰው ሲራመድ የባት ጡንቻ ይጨምቃቸዋል፥ ሲተነፍስ ደግሞ የደረት መስፋትና መጥበብ ወደ ላይ ይስበዋል። በየጥቂቱ ርቀት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች ስላሉበት ወደ ኋላ አይመለስም። ከአዲስ አበባ ጎንደር ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጦ የሄደ ሰው ማታ ጫማው የሚጠበው ጡንቻው ሥራ ስለ ፈታ ነው፤ ጥቂት ሲራመድና እግሩን ከፍ አድርጎ ሲተኛ ይመለስለታል። ከሁለቱ እግሮች፥ ከሆድና ከግራው ወገን የሚመጣው ሊምፍ በሙሉ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም አንድ ዋና ቧንቧ በአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት ወደ ላይ ይወጣና በአንገት ሥር በስተግራ ካለው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ይፈስሳል። የቀኝ እጅ፥ የቀኝ ደረትና የራስ ቀኝ ወገን የራሳቸው አጭር ቧንቧ አላቸው። አንጐል የሊምፍ ቧንቧ የለውም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሮ በ2015 በአሜሪካና በፊንላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጐል ሽፋን ውስጥ ቧንቧዎቹን አሳይተዋል። ይህን ያህል ዘመን ሰው በተመራመረበት አካል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳይታይ መቅረቱ እኛን በጣም አስደንቆናል።

ሊምፍ ሌላም ሥራ አለው፤ ይኸውም ስብን መሸከም ነው። ስኳርና ፕሮቲን ከአንጀት ተነሥተው በደም በኩል ወደ ጉበት ሲሄዱ፥ ቅቤውና ዘይቱ ግን የሚበዛው ወደ አንጀት የሊምፍ ቧንቧዎች ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾመ ሰው ውስጥ ይህ ሊምፍ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ቅቤ ያለበት ወጥ ወይም በኑግ ዘይት የተሠራ ምግብ ከበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ወተት ይመስላል። የመንገዱም መታወቅ ከዚህ የመጣ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋስፓሬ አሴሊ በ1622 በቅርብ ጊዜ የበላ ውሻ ሆድ ከፍቶ ሲመለከት ነጫጭ ክሮች በአንጀቱ መያዣ ላይ ተዘርግተው አየ፤ ሲቈርጣቸውም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ውሻው ጾሞ ቢሆን ኖሮ አሴሊ ምንም ባላየ ነበር። ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ ዋናውን ቧንቧ በ1651 ገለጸ፤ የዴንማርኩ ቶማስ ባርቶሊንና የስዊድኑ ኦላውስ ሩድቤክም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ መንገዱ ከአንጀት ውጭ በሌላውም አካል መኖሩን አስረዱ፤ ማን ቀደመ በሚለው ላይ ብዙ ተጣልተውበታል።

አሁን ወደ ንፍፊት እንምጣ። በአገራችን ቋንቋ ንፍፊት የሚባለው በብሽሽት ወይም በብብት የሚወጣው እብጠት ነው። ነገር ግን ይህ ነገር በሽታው በመጣ ቀን የበቀለ አይደለም። የባቄላ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ዕጢዎች በጤነኛ ሰውም አካል ውስጥ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሆነው በአንገት፥ በብብት፥ በብሽሽትና በሆድ ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ንፍፊት የምንለው እነዚህኑ ነው። እያንዳንዳቸው በሊምፍ መንገድ ላይ የቆሙ ኬላዎች ናቸው። ሊምፉ ወደ ደም ከመቀላቀሉ በፊት በእነርሱ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያም ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳትና ጠላትን ለይተው የሚያውቁ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠብቁታል። ከእግር ቍስል የመጣ ተሕዋስ ኬላው ላይ ሲደርስ እርሱን የሚያውቁት ጥቂት ሕዋሳት በብዛት ይራባሉ፤ ዕጢው ያበጠውና ያመመው ስለዚህ ነው። እረኛው ልጅ ብሽሽቱን አሞት ሲያነክስ ሽማግሌዎች እግሩ ላይ እሾህ ወይም ቍስል መፈለጋቸው ትክክለኛ አስተያየት ነው። ትክክል ያልሆነው ንፍፊቱን ራሱን መብጣት ወይም መተኰስ ነው፤ ይህ ሌባ ያዝሁ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ እንደ መምታት ነው።

የአንገት ንፍፊት ሳያምም ቀስ እያለ ሲያብጥና ሳምንታት ሲቈይ ግን ሌላ ጥርጣሬ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የነቀርሳ፥ ማለት የቲቢ፥ ሕሙማን መካከል ሲሶ ያህሉ በሽታው የያዛቸው ከሳንባ ውጭ ሲሆን፥ ከነዚህም የሚበዙት በንፍፊታቸው የተያዙ ናቸው። ጣፊያ፥ ቶንሲልና በደረት ውስጥ ያለው የታይመስ ዕጢም የዚሁ ሥርዐት ክፍሎች ናቸው። ከእነዚህ ጣፊያን ለይተን መያዝ ይገባናል፤ እርስዋ የምታጣራው ሊምፍን ሳይሆን ደምን ነው። የተቀመጠችበትም ቦታ ከግራ የጐድን አጥንቶች ሥር ስለ ሆነ በጤነኛ ጐልማሳ ላይ በእጅ አትዳሰስም። ከተዳሰሰች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እንግዲህ መንገዱን እንያዝ። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ በትክል ድንጋይ በኩል የሚወርደው መንገድ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሳንጃ ያደርሳል፤ አልፎም በሶሮቃና በዳንሻ አድርጎ ወደ ሑመራ ይዘልቃል። ይህ መንገድ በየዓመቱ ከጎጃም፥ ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ሰሊጡና ወደ ማሽላው እርሻ የሚወርደው ወጣት መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ሳንጃ በደጋውና በቈላው መካከል ስለ ቆመች የሁለቱም በሽታ ይደርስባታል። የደጋው ቀይ አፈርና የቈላው ዋልካ እያንዳንዳቸው በሊምፍ ሥርዐት ላይ የሚሠሩት ጕዳት አላቸውና በተራ እናያቸዋለን።

በደጋው የሚታየው የእግር ማበጥ፥ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ነው። በሌላው ዓለም የታወቀው ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ የትል በሽታ ሲሆን፥ በእኛም አገር እንደ ጋምቤላ ባሉ ምዕራባዊ ቈላዎች ይገኛል። ነገር ግን ያች ትንኝ ትሉን ለማስተላለፍ ሙቀት ስለሚያስፈልጋት የጎጃም ደጋ ገበሬ ከዚህ የተነሣ ሊታመም አይችልም። ይህን ፈትሾ ያገኘው እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ሕመሙ ከፍታቸው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ በሚጥልባቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለባቸው አገሮች መወሰኑን አስተዋለ፤ ከሕሙማን ብሽሽት በተወሰዱ ንፍፊቶች ውስጥም የአፈር ማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ። ለበሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክ ቋንቋ እግርና ትቢያ ማለት ነው።

አሠራሩን ከላይ ከተናገርነው ጋር ማገናኘት ቀላል ነው። በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቈዳ ውስጥ ደቃቁ ቅንጣት ይገባል፤ ዋጭ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ነገር ግን ድንጋይ ስለ ሆነ ሊፈጩት አይችሉም። በቧንቧዎቹ ውስጥ መቈጣት ይነሣል፥ ከዓመታት በኋላም ግድግዳው ጠባሳ ይዞ ይጠባል። በመጀመሪያ ማታ ማታ እግር ያቃጥላል፥ ያሳክካል፤ ከዚያ ጣቶቹ ያብጣሉ፤ እብጠቱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፥ ብዙውን ጊዜም ከጕልበት አያልፍም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ስለሚይዝ ሕዝቡ የዘር እርግማን ነው ይለዋል፤ ከዚህም የተነሣ ጋብቻ ተከልክሎ፥ ከማኅበር ተለይቶ የሚኖር ብዙ ነው። በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ ተደርጎ የታተመው የዘረ መል ጥናት አካል ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ዘረ መሎች ላይ ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ዘር አለበት የሚለው ሐሰት አይደለም፤ ሐሰቱ ከዚያ የሚያያዘው ነገር ነው፤ ያው ዘር ያለው ልጅ ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ አይታመምምና። በአገራችን የሕሙማኑ ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገምቷል።

የጀመረውም ቢሆን የሚረዳበት መንገድ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተካፈሉበትና በ2018 በታተመ ጥናት፥ እግርን በሳሙናና በመድኀኒት ውሃ ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በጨርቅ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ትኩሳት የሚያስነሣውን የእግር ሕመም ድግግሞሽ በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀንሶታል። ውሃ፥ ሳሙናና ቅባት መሆኑን ለሚያስብ ይህ ጥቂት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕመም ገበሬውን ለቀናት ከእርሻው ያስቀረዋልና።

ሁለተኛው የቈላው ካላዛር ነው። የዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ይኖራል፤ ስሙ አሸዋ ቢልም በእኛ አገር የሚስማማው ጥቁሩ አፈርና የግራር ዛፍ ነው። ከትንኝ የምታንስና ስትበር ድምፅ የሌላት ናት። ሠራተኛው ቀኑን ሲያርም ውሎ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ ሲተኛ ትነድፈዋለች፥ ተሕዋሱንም በቈዳው ውስጥ ትተዋለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ከእግሩ በሽታ የባሰ ነው። ዋጭ ሕዋሳቱ ተሕዋሱን እንደ ልማዳቸው ይውጡታል፤ እርሱ ግን ሳይሞት በሆዳቸው ውስጥ ይራባል። ኬላውን ጠላት ሰብሮ አላለፈም፤ ዘበኛውን ራሱን ቤት አድርጎ ተቀመጠበት እንጂ። ዋጭ ሕዋሳት ባሉበት ቦታ ሁሉ፥ ማለት በጣፊያ፥ በጉበት፥ በአጥንት መቅኒና በንፍፊት፥ እየሄደ ይሰፍራል። ጣፊያ እስከ እምብርት ሊደርስ ያብጣል፤ መቅኒው ስለሚጐዳ ደም ያንሳል፤ ሰውየው ይከሳል፥ ትኩሳቱም አይለቀውም። ዊልያም ሊሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን በ1903 ተሕዋሱን ለዓለም ያስታወቁት ከሕሙማን ጣፊያ በወሰዱት ናሙና ውስጥ አይተው ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ በ1942 በኦሞ ሸለቆ የታወቀ ሲሆን፥ በሑመራ እርሻ ሠራተኞች ላይ በ1970ዎቹ ተስፋፍቶ ታየ። ካልታከመ ከመቶ ከ95 የሚበልጡትን ይገድላል።

ሳንጃ ላይ ችግሩ የሚከብደው ጣፊያ የሚያሳብጠው ካላዛር ብቻ ባለመሆኑ ነው። ወባ አለ። ከሳንጃ ወንዝ የሚመጣው ብልሃርዝያ አለ፤ በከተማው ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እጅግ ብዙ ልጆች ተይዘው ተገኝተዋል፥ ይህም በሽታ ጉበትን ሲያጠብቅ ደሙ ወደ ጣፊያ ተመልሶ ያሳብጣታል። እንግዲህ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ከግራ ጐድን ሥር በአንድ ቦታ ይዳሰሳሉ። ወባ በደም ምርመራ ይገኛል፤ ደግሞም በመድኀኒቱ በቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ይለቃል። ብልሃርዝያ ዕንቍላሉ በሰገራ ይታያል፤ የቈየውም ብልሃርዝያ ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት የሚቈይ ትኩሳት የለውም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፥ ክሳትና ያበጠ ጣፊያ አንድ ላይ ሲገኙ፥ ሰውየውም ቈላ የወረደ ሲሆን፥ ካላዛርን መፈለግ ግዴታ ነው።

ቈላ ወርደህ ነበርን? የሚለው ጥያቄ ደግሞ ስለ ያለፈው ሳምንት መሆን የለበትም። ካላዛር ከተነከሰበት ቀን እስከሚታመምበት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቈያል። በአጨዳ የተነደፈ ሰው የሚታመመው ደጋ አገሩ ከገባ በኋላ፥ ካላዛርን አይተው በማያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በሊቦ ከምከም በ2005 የታወቀው ወረርሽኝ ለዚህ ምስክር ነው፤ መጀመሪያ መድኀኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ሞተ፥ በኋላ ሲመረመር ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቈላ የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት ይታመናል። ጐልማሳው እንዲህ ሲታመም ቤተ ሰቡ ብዙ ጊዜ የጣፊያውን ቦታ በጋለ ብረት ያስተኵሱታል። የሆዱ ቈዳ ብዙ የመተኰስ ጠባሳ ያለበት ሕመምተኛ እስኪታከም ብዙ ሳምንት እንደ ባከነ ያስረዳል።

ምርመራው በደም ጠብታ የሚሠራ ፈጣን መለያ አለው፤ ሲያጠራጥር ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። የጣፊያው መርፌ አስተማማኝ ሲሆን ደም እንዳያፈስስ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው በ2004 ነው። ቀድሞ ሠላሳ ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና ሁለት መድኀኒት አንድ ላይ በመስጠት ወደ 17 ቀን ወርዷል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሕመምተኛ ግን ለብቻው ይታያል። ቫይረሱ የሚያጠፋው በንፍፊት ውስጥ ለዋጭ ሕዋሳት ትእዛዝ የሚሰጡትን ሕዋሳት ስለ ሆነ መድኀኒቱ ተሕዋሱን ቢያሳንሰውም የቀረውን የሚጠብቅ የለም፤ በሽታው ደጋግሞ ይነሣል።

ሕክምናው የሠራለት ሰው ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቀዋል፥ የምግብ ፍላጎቱም ይመለሳል። ጣፊያው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሐኪሞች ድኗል ብለው የሚቈርጡት ከስድስት ወር በኋላ ሆዱን እንደ ገና ዳስሰው ነው። በኅዳር ከሆስፒታል የወጣ የቀን ሠራተኛ ቀጠሮው በግንቦት ይሆናል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርሱ ወይ በደጋ መሬቱን ሊያርስ ተነሥቷል፥ ወይም ለሚመጣው አረም በሳንጃ አድርጎ ሊወርድ ስንቁን ያዘጋጃል።